የመስኖ ገበሬ አሠራሩን ለመለወጥ የሚወስነው በምን መነሻ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የግብርና ተማሪዎችና በመስኖ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በተለይም ከቆጋና ከፎገራ ሲሆን፣ ለማነጻጸር ያህል ከስምጥ ሸለቆና ከሐረርጌም ተጨምሯል።

«አነስተኛ» የሚባለው መስኖው ነው ወይስ ገበሬው?

በኢትዮጵያ በተለመደው አከፋፈል ከ200 ሄክታር በታች የሚያለማ መስኖ አነስተኛ፣ ከ200 እስከ 3,000 ሄክታር የሚያለማው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ከፍተኛ ይባላል። ይህ መለኪያ ግንባታውን እንጂ ገበሬውን አይመለከትም። በምዕራብ ጎጃም መርዓዊ አጠገብ የሚገኘው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝና 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ከከፍተኞቹ ወገን ይመደባል፤ ውሃው የሚደርሰው ግን በጥማድ ወደሚቆጠርና ብዙውን ጊዜ አንድ ሄክታር ወደማይሞላ የቤተሰብ ማሳ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የምንነጋገረው ወንዝ ጠልፎ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ወይም ከትልቅ ግድብ ተራ ጠብቆ ትንሽ ማሳውን ስለሚያጠጣው ገበሬ ነው።

ገበሬው የአየር ጠባዩ መለወጡን ያውቃል ከተባለ ለምን ወዲያው አሠራሩን አይለውጥም?

ማወቁ አያከራክርም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በኤልኒኞ ምክንያት ተዛብቶ በማግሥቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዕርዳታ ጠባቂ መሆኑን ለመስማት ገበሬው ሬዲዮ አላስፈለገውም። ዝናቡ ዘግይቶ መግባቱን፣ ቀድሞ መውጣቱን፣ ወንዙ ድሮ በግንቦት ከሚደርስበት ደረጃ አሁን በመጋቢት መውረዱን ከማንም በፊት የሚያየው እሱ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የምርት ዘመን በአባይ ተፋሰስ የኢትዮጵያ ክፍል በ1,000 አባወራዎች ላይ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለውጥ ለማድረግና ላለማድረግ ሚዛን የሚደፉት የቤተሰቡ ኃላፊ ትምህርት፣ ሀብት፣ የባለሙያ ምክርና ብድር የማግኘት ዕድል፣ የአየር ጠባይ መረጃ፣ እንዲሁም ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ያለው ትስስር ናቸው። ገበሬዎቹ ዋነኛ እንቅፋት ብለው የጠቀሱትም ስለ አማራጮቹ በቂ መረጃ ማጣትንና የገንዘብ እጥረትን ነው። የዝርዝሩን ትክክለኛነት እቀበላለሁ፤ ሆኖም ዝርዝሩ የውሳኔውን ቅደም ተከተል አያሳይም። አንድ ገበሬ አዲስ አሠራር ሲነገረው አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አላምንም» አይደለም፤ «በምኔ?» የሚል ነው። በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ጉልበት፣ በየትኛው የውሃ ተራ ማለቱ ነው፤ ለዚህ መልስ ይዞ ያልመጣ ባለሙያ ስለ አየር ለውጥ ቢያስተምረው ያንኑ የሚያውቀውን መልሶ ነገረው ማለት ነው።

ታዲያ ከየት ይጀምራል?

በእኔ እይታ ገበሬው አማራጮቹን የሚደረድረው ባለሙያው እንደሚያደርገው በጥቅማቸው መጠን አይደለም። አስቀድሞ የሚመዝነው «ባይሆንልኝ ምን ያህል በቀላሉ እመለሳለሁ?» የሚለውን ነው። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ሰው፣ ግር የሚሉ የሚመስሉ ብዙ ውሳኔዎች ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ያያል።

መጀመሪያ የሚነካው ምንም የማያስከፍለውን ነው፤ ችግኝ መደቡን በሁለት ሳምንት ያስቀድማል ወይም ያዘገያል፣ ፈሩን ያጠባል፣ አጠገብ ላለው ሰብል ቅድሚያ ሰጥቶ የማጠጫ ቀኑን ያሸጋሽጋል። ይህ ካልሠራ የሚያጣው ጥቂት ቀን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዘርና ሰብል መቀየር ሲሆን፣ እዚህ ላይ የሚያስይዘው አንድ ወቅት ነው፤ ስለዚህም አዲሱን ዘር በማሳው ጥግ አንድ ሁለት መደብ ላይ ብቻ ሞክሮ፣ ቀሪውን እንደ ወትሮው ይዘራል። ባለሙያዎች ይህን «ከፊል ተቀባይነት» እያሉ እንደ ድክመት ሲጽፉት አያለሁ፤ ለእኔ ግን በቤቱ ቀለብ ላይ ሳይፈርድ የሚሠራው የራሱ ሙከራ ጣቢያ ነው። ከዚያ በኋላ የውሃ ሞተር መግዛት ወይም ጉድጓድ ማስቆፈር ይከተላል። ሞተሩ ቢያንስ ሊሸጥ ወይም ሊከራይ ስለሚችል ጉድጓዱ የበለጠ ያስፈራዋል፤ ውሃ ያጣ ጉድጓድ ገዢ የለውምና። መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ለዓመታት የሚያስረው ነው፤ ዛፍ መትከል፣ እርከን መሥራት፣ አሲዳማውን መሬት በኖራ ማከም፣ ወይም መሬቱን ለሌላ ሰው በኮንትራት መስጠት።

ቅደም ተከተሉ የማይሠራበት ጊዜም አለ። የሚያጣው ነገር የሌለው ደሃ ገበሬና የሚተርፈው ሀብታም ገበሬ ሁለቱም ደረጃዎቹን ዘልለው ሊሄዱ ይችላሉ፤ እያንዳንዱን እርምጃ ሲመዝን የሚታየው መሐሉ ላይ ያለው ነው።

የሚተክለውን ሰብል የሚመርጠው ውሃውን አይቶ ነው ወይስ ገበያውን?

ሁለቱንም ያያል፤ ሆኖም በበጋ መስኖ የበለጠ የሚያስጨንቀው ገበያው ነው። ለዚህ ከሽንኩርት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሽንኩርት በመደብ 50 ቀን ገደማ፣ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ እስከ አራት ወር ድረስ ይቆያል። ለፋሲካ ገበያ ለማድረስ የፈለገ ገበሬ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ፋሲካ በ2018 ዓ.ም. የዋለው ሚያዝያ 4 በመሆኑ፣ ሽንኩርቱ ተነቅሎ፣ ደርቆና ተጭኖ በጊዜው ከተማ እንዲገባ መጋቢት 20 ገደማ መነቀል፣ ለዚያም ኅዳር 20 ገደማ መዛወር፣ ለዚህ ደግሞ መደቡ በጥቅምት መግቢያ መዘራት ነበረበት። በ2016 ዓ.ም. ግን ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። የበዓላቱን ቀን የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳቡ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 23 ቀን ሲያሸጋሽገው፣ የዘሩ ቀንም አብሮ ይሸሻል፤ መደቡን ማስቀደም ማለት ደግሞ ክረምቱ ጨርሶ ሳይወጣና መሬቱ ገና ሳይጠነፍፍ መዝራት ማለት ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ዓመት ገበያውና አየሩ ፊትና ጀርባ ይሆናሉ።

ችግሩ ጎረቤቱም ያንኑ መቁጠሩ ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲነቅል ዋጋው ይወድቃል፤ ደላላው ማሳው ዳር ቆሞ የሚጠራውን ዋጋ ገበሬው እምቢ የሚልበት አቅም የለውም፤ ሽንኩርቱን የሚያሳድርበት ጥሩ መጋዘን ስለሌለው በቀናት ውስጥ መሸጥ ይኖርበታል። ባለፈው ዓመት ሽንኩርት አክስሮት ዘንድሮ ድንች ወይም ጎመን የተከለው ሰው ስለ ውሃ እጥረት ምንም ሳያስብ ሊሆን ይችላል፤ ቅጹ ላይ ግን «ከአየር ለውጥ ጋር ለመላመድ ሰብል ቀይሯል» ተብሎ ይመዘገባል። መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ልብ ቢል መልካም ነው።

ተባይም የራሱን ውሳኔ ያስገድዳል። ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገሪቱ ከታየ ወዲህ፣ ቲማቲም መትከል ከውሃ ይልቅ የመድኃኒት ወጪ ጥያቄ ሆኗል።

ማሳው በቦዩ ራስጌ ወይም ግርጌ መሆኑ ምን ለውጥ ያመጣል?

እጅግ ብዙ። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዓይነት አፈር፣ በአንድ ዓይነት ምክር የሚያርሱ ሁለት ገበሬዎች የተለያየ ውሳኔ ሲወስኑ ካየን፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማሳቸው ከቦዩ የት ላይ እንደሆነ ነው። ራስጌ ያለው ውሃው መምጣቱን ስለማይጠራጠር ሽንኩርትና ቲማቲምን የመሳሰሉ ውሃ በጊዜው ሲያገኙ የሚከፍሉ፣ ተራው ሲያልፋቸው ግን የሚበላሹ ሰብሎችን ይደፍራል። ግርጌ ያለው በሚያዝያ ተራው ሊዘለል እንደሚችል ያውቃል፤ ስለሆነም ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል፣ አለዚያም ግማሹን ማሳ ጦሙን ያሳድራል። የግርጌው ሰው ሰነፍ ወይም ለአዲስ ነገር እንግዳ መስሎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

የቆጋ መስኖ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች አሉት፤ በሌሊት ከግድቡ የሚወርደውን ውሃ ይዘው ገበሬው በቀን እንዲያጠጣ ያደርጋሉ። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ተራ የሚያስከብር ሰው ከሌለ የተጠራቀመውን ውሃ ራስጌው ይጨርሰዋል። በባህላዊው መስኖ ይህን ሥራ የሚሠራው በአማራ አካባቢዎች «የውሃ አባት»፣ በትግራይ «አቦ ማይ» የሚባለው፣ በተጠቃሚዎቹ የሚመረጥ ሰው ነው፤ ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፣ ተራ ያስይዛል፣ በሌሊት ውሃ የሰረቀውን ይዳኛል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ከወጣ ወዲህ ማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነት አግኝተው፣ ክፍያ የመሰብሰብና የመቅጣት ሥልጣን ኖሯቸዋል። የጽሑፉ ሕግ የውሃ አባቱን ጠቅሎ በያዘበት ቦታ ሥራው ሲቀና፣ በገፋበት ቦታ ሁለት ዳኛ ተፈጥሮ ገበሬው ለማን እንደሚታዘዝ ግራ ይገባዋል።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልጨምር። የተራ ሠንጠረዥ የሚያወጣው መሐንዲስ ወሩን 30 የሥራ ቀን አድርጎ ይቆጥራል። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ግን እሑድን ጨምሮ እንደ 12ኛው ሚካኤልና እንደ 21ኛው ማርያም ያሉ ወርኃዊ በዓላት ይከበራሉ። በበዓል ቀን ውሃ መልቀቅን የሚፈቅድ ሰፈር አለ፤ የማይፈቅድም አለ። ተራው በበዓሉ ቀን የወደቀበት ገበሬ ሳምንት የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሳምንት ውሃ አጥቶ የሚቆም ሰብል መምረጥ አለበት። ሠንጠረዡ ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጦ ቢወጣ ኖሮ ይህ ምርጫ ባላስፈለገም ነበር።

ውሃ የሚቆጥብ አሠራር ሲቀርብለት ለምን ያመነታል?

በቆጋ አካባቢ ተመራማሪዎች በአፈር ውስጥ የሚቀበር፣ ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ መገልበጫ (ፈነል) የመሰለ ቀላል መሣሪያ ከገበሬዎች ጋር ሞክረዋል። ውሃው ሰርጎ የሥሩ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ከላይ ያለው ምልክት ብቅ ይላል፤ ገበሬውም «በቃ» ብሎ ውሃውን ያቋርጣል። ምርት ሳይቀንስ የሚጠጣውን ውሃ መቀነስ እንደሚቻልም ታይቷል፤ ከመጠን በላይ የጠጣ መሬት ማዳበሪያውን ወደ ታች አጥቦ ስለሚወስድበት፣ ቁጠባው ለራሱ ለገበሬውም ይከፍላል።

ሆኖም ክፍያው በአብዛኛው የሚታሰበው በመሬቱ ስፋት እንጂ በውሃው መጠን አይደለም፤ ግማሹን ቢቆጥብ የሚቀነስለት ብር የለም። በዚያ ላይ የሚቀጥለው ተራ በቀኑ መምጣቱን የማያምን ሰው፣ ዛሬ የደረሰውን ውሃ እስከ ጠርዙ መሙላቱ ስስት ተብሎ ሊወቀስበት አይገባም፤ መሬቱን እንደ ማድጋ እየሞላው ነው። እዚህ ላይ የሚቀድመው የተራውን ቀን ማስከበር ነው፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የውሃ ሞተር መግዛት ይሻላል ወይስ መከራየት?

በፎገራ ሜዳ ከጉማራና ከርብ ወንዞች እንዲሁም ጥልቀት ከሌላቸው የእጅ ጉድጓዶች በሞተር መሳብ የተለመደ ነው። ማሳው ትንሽ የሆነ ሰው በሰዓት ቢከራይ ያዋጣዋል፤ የሚጎዳው ሁሉም በሚጠማበት ሳምንት ሞተሩን ማግኘት አለመቻሉ ነው። በጋራ መግዛት ወረቀት ላይ ሲያምር፣ ሲበላሽ ማን ያሠራው የሚለው ጸብ ያመጣል፤ በወንፈል አብረው የኖሩ ዘመዳሞች ሲገዙት የተሻለ ይዘልቃል።

ነዳጁ ሌላው ራስ ምታት ነው። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው ብዙ ጊዜ ጨምሯል፤ በጀሪካን ለመቅዳት ደግሞ ፈቃድ ስለሚጠየቅ ብዙው ገበሬ ከቸርቻሪ በውድ ይገዛል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ፓምፕ ከዚህ ሁሉ ነጻ ያወጣል፤ የመጀመሪያ ዋጋው ግን ከባድ ነው፣ ማሳ ላይ ለማሳደር ጥበቃ ይፈልጋል፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ከወረዳ ከተማ ላይገኝ ይችላል። ከላይ ያነሣነው «ባይሆንልኝስ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ በጉልህ ይታያል፤ የቤንዚን ሞተር በማንኛውም ገበያ ገዢ አያጣም፣ የፀሐይ ፓምፕ ገና የለመደ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የለውም።

የመስኖ ውሃ በአጠገቡ እያለፈ ባሕር ዛፍ የሚተክለው ለምንድን ነው?

ቆጋ በሚገኝበት በሜጫ አካባቢ ይህን ያየ እንግዳ ሁሉ ይገረማል። ለገበሬው ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ባሕር ዛፍ ጉልበት አይፈጅም፣ የአሲዳማ አፈርን ይቋቋማል፣ ዋጋው በአንድ ሳምንት አይወድቅም፣ ባይሸጥም ቆሞ ያድጋል። ልጆቹ ከተማ ለገቡ ሽማግሌ ወይም ሽንኩርት ሁለት ዓመት ላከሰረው ሰው የቁጠባ ደብተር ማለት ነው። ጉዳቱን ጎረቤቱ ይከፍለዋል፤ ጥላውና ሥሩ ድንበር አያከብሩምና። አቮካዶ በቆጋ እየተስፋፋ የመጣ ሌላ ቋሚ ተክል ነው፤ የሚተክሉት ግን ፍሬ እስኪሰጥ ለሚያልፉት ዓመታት ሌላ ገቢ ያላቸው ናቸው።

በሴት የሚመሩ ቤተሰቦችና የእኩል አራሾች ውሳኔስ?

በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የወንድ ሥራ ተደርጎ በመያዙ፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት የመስኖ መሬቷን አብዛኛውን ጊዜ ምርቱን ተካፍሎ ለሚያርስ እኩል አራሽ ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚዘራና መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው አራሹ ነው። የአራሹ ውል ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ወቅት ነው፤ ኖራ ውጤቱን የሚያሳየው በዓመታት ስለሆነ ለሌላ ሰው መሬት ኖራ የሚያለብስ አራሽ አይገኝም። ባለመሬቷ ሥልጠና ተጠርታ አራሹ ሳይጠራ፣ ወይም አራሹ ተጠርቶ እሷ ሳትጠራ የቀረችበት ሥልጠና ውጤቱ ከወዲሁ ይታወቃል።

የበጋ መስኖ ስንዴን የሚዘራው ወዶ ነው?

አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ ማሳው በኩታ ገጠም፣ ማለትም ጎረቤታሞች ማሳቸውን አያይዘው አንድ ሰብል በሚዘሩበት አሠራር፣ ውስጥ ስለወደቀ። ስንዴ በጥማድ የሚያስገኘው ብር ጥሩ ዋጋ ካገኘ ሽንኩርት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ይቀመጣል፣ ቤት ይበላል፣ ገለባው ለከብት ይሆናል። አትክልት ሲያከስረው የኖረ ገበሬ ይህን በደስታ ይቀበላል። አስተማማኝ ገዢ ላለው አትክልት አምራች ግን ስንዴ የገቢ ቅናሽ ነው፤ ስለዚህ የዘራውን ሁሉ ፈልጎ ዘራው ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው።

አንዱ ገበሬ የተላመደበት መንገድ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል?

አዎ፤ ይህ ጥያቄ ከሚገባው በታች ነው የሚጠየቀው። የሐረማያ ሐይቅ ለዚህ የሚያሳዝን ምሳሌ ነው። ለጫትና ለአትክልት በሞተር የሚሳበው ውሃ፣ የከተማ የመጠጥ ውሃ ፍጆታና ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል ተደራርበው ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ መድረቅ ደርሶ ነበር፤ ኋላ ላይ ከፊል ውሃ ተመልሶበታል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎት በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። እያንዳንዱ ሰው የወሰነው ለራሱ ትክክል ነበር፤ ድምሩ ነው ሐይቁን ያደረቀው።

በፎገራም በ1970ዎቹ የገባው ሩዝ ረግረጉን ሜዳ ወደ ጥሩ ገቢ ለውጦታል፤ ከሩዙ በኋላ በቀረው ርጥበትና በሞተር ውሃ ሽንኩርትና ጓያ ይከተላል። በአንጻሩ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ግጦሹን አጥቷል፤ በወንዞቹ ታችኛ ክፍል ያሉት ሰዎች ደግሞ በበጋ መጨረሻ የሚደርሳቸው ውሃ በላይኞቹ ሞተሮች ይቀንሳል። በባቱ ዙሪያም ከዝዋይ ሐይቅ የሚሳበው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል አብያታ ሐይቅ የሚደርሰውን ይቀንሰዋል፤ የአብያታ መሸሽ ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሚታይ ነው። ይህ ጉዳይ በአንድ ገበሬ ብልህነት ስለማይፈታ፣ የወንዙን ላይኛና ታችኛ ተጠቃሚ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ አካል ይፈልጋል።

ሞክሮ የተወ ገበሬ እንደ ውድቀት ይቆጠራል?

አይቆጠርም። እንዲያውም ስለ አንድ አሠራር ከጀማሪው ይልቅ ትቶት የተመለሰው ሰው የበለጠ ያስተምራል፤ የት ቦታ እንደሰበረው በብር ቆጥሮ ይነግራል። ብዙ ሪፖርት የጀመሩትን ብቻ ቆጥሮ ስለሚዘጋ ይህ ዕውቀት ይባክናል።

ገበሬውን ስለ ውሳኔው ለማነጋገር የሚመቸው ወቅት የትኛው ነው?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ ማለትም መደብ ከመዘራቱ ትንሽ ቀደም ብሎና በሚዘራበት ሰሞን። ያኔ ውሳኔው ገና በእጁ ነው፤ ዘር እየጠየቀ፣ ብድር እያሰበ፣ የጎረቤቱን ዕቅድ እያጠያየቀ ነው። በሚያዝያ የተጠየቀ ሰው መልሱን የሚሰጠው የሽንኩርቱን ዋጋ ካየ በኋላ ስለሆነ፣ ያተረፈው አስቀድሞ አውቆት እንደነበር፣ የከሰረው ደግሞ ሰው አሳስቶት እንደነበር ይናገራል። ከተቻለም ጥያቄው ማሳ ላይ ብቻ ሳይሆን እቤት፣ ባለቤቱም ባለችበት ይሁን፤ ለዘር የሚወጣው ብር ከየት እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ የምታውቀው እሷ ናት።